ለፕላዝማ መምህራን ስለተሠሩ አራት አልጋዎች

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር ያላቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከእርስዎ ዘንድ ስለሚመጡ)
ቀን፦ ሚያዝያ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክቡር የገጠር ትምህርት ቴክኖሎጂ ማስፋፊያ ዋና የሥራ ሂደት አስተባባሪ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በኩል ጤና ይስጥልን። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? እርስዎ ደህና? ቤተሰብ ደህና? ማህተሙ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ሁሉ ደህና? እኛ የጨፌ ዳር ሰዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱ ደህና ገብቷል፣ ከብቱም ደህና ነው፣ የላኩልን ቴሌቪዥንም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ደህና ነው። ብርዱ እንዳይጎዳው ልጄ ሀጀራ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች።

እኔ አሕመድኑር አብዱራህማን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ቀበሌ ቁርአን ሳቀራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጅ ጽሕፈቴ ያምራል ስለተባለም (እኔ አላልኩም፣ ሰዎች ናቸው ያሉት) የቅሬያችንን መዝገብ ከያዝኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ቅሬ ማለት እርስዎ ባደጉበት ከተማ እድር የሚሉት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚያነሳበት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽገን የላክናቸው አምስት ደብዳቤዎች፣ ከአንዱ በቀር፣ ቢሮዎ ውስጥ በሰላም ተኝተው እንደሚገኙ ስለሰማን፣ ስድስተኛውን ሄዶ እንዲቀሰቅሳቸው ክፍት አድርገን ላክነው።

ለመጻፍ ያበቃን ነገር አንድ ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ የሂሳብ መምህራችንን መምህርት የሻለምን ወደ ቆላው፣ የአንድ ቀን ተኩል የእግር መንገድ ወደሆነ ትምህርት ቤት አዛውረው፣ ሚያዝያ 15 ቀን እንድትነሳ አዘዋታል። ይህን ውለታዎን በዝምታ ማለፍ ነውር ስለሆነብን፣ ከመጀመሪያው ጀምረን ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም. ስለጻፉልን ደብዳቤ እናመሰግናለን። «በፕላዝማ የሚያስተምሩ አራት ብቁ መምህራን በቅርቡ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስለሚገቡ፣ ምቹ ክፍል፣ የሚቆለፍ በርና አስተማማኝ ጥበቃ እንድታዘጋጁላቸው» ይላል። ደብዳቤው በቅሬ ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተነበበ። ፕላዝማ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ተነሳ። አንዱ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው አለ፤ ሌላው ያደጉበት አውራጃ ነው አለ፤ እኔም የማላውቀውን አላውቅም ማለት ስለሚከብደኝ፣ ማዕረግ ነው ብዬ አረፍኩት። የሚቆለፍ በር መጠየቃቸውን አይተን ሴቶች ቢኖሩባቸው ነው በማለት መስኮቱን ከፍ አድርገን ሠራነው። አናጢው ጀብሪል ለእህቱ ሠርግ ያስቀመጠውን የዋንዛ ሳንቃ አውጥቶ አራት አልጋ ሠራ፤ በአንደኛው አልጋ ራስጌ ላይም፣ የሚተኛበት ሰው ትልቁ ይሆናል ብሎ፣ አበባ ቀረጸበት። እኔም እንደ ወጋችን፣ እንግዳ ሞቶ ቀባሪ እንዳያጣ፣ አራቱንም «መምህር ፕላዝማ፣ የሂሳብ»፣ «መምህር ፕላዝማ፣ የፊዚክስ» እያልኩ ከቁጥር 112 እስከ 115 በቅሬው መዝገብ ላይ አሰፈርኳቸው።

በመስከረም አይሱዙው መጣ። ጀብሪል ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ አልጋዎቹን ሊያሳያቸው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከመኪናው የወረዱት ግን ጥቂት ካርቶኖች፣ አንድ የሳተላይት ዲሽ፣ አንድ ጄኔሬተርና አንድ ቴክኒሻን ናቸው። ቴክኒሻኑ ደግ ሰው ስለነበረ፣ የጀብሪልን ፊት አይቶ አበባ ያለበት አልጋ ላይ አንድ ሌሊት አድሮልን ሄደ። ከቅሬ መዝገብ ስም የሚሰረዘው በሞት ብቻ ነውና፣ አራቱ መምህራን እስከ ዛሬ አባሎቻችን ናቸው። እስከ ዛሬም ሃያ ሦስት ቀብር ቀርተዋል። ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ሰው እሳትና ውሃ እንዲከለከል ሕጋችን ያዛል፤ ለእርስዎ ክብር ስንል ግን እነርሱን ታገስናቸው።

ሁለተኛ፣ ጥቁር ሰሌዳችንን ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚሰቀልበት ቦታ ስለጠፋ፣ ሰሌዳው ተነቅሎ በዚያው አይሱዙ ተጫነ። መምህራን ወደ ኋላ ቀር አሠራር እንዳይመለሱ የሚፈትን ነገር ክፍል ውስጥ መቅረት የለበትም ተብሎ ነው አሉ። ጠመኔው ግን ቀረልን፤ የሚጻፍበት ስለሌለ ልጆቹ ግድግዳው ላይ ስማቸውን ጻፉበት።

የሂሳቧ መምህር ስትመጣ፣ ማለቴ ቴሌቪዥኑ ሲበራ፣ እኔም በወላጅነቴ ተጋብዤ ገብቼ አይቻታለሁ። አለባበሷ ጨዋ፣ እንግሊዝኛዋ እንደ በሽሎ ወንዝ ሙላት የሚወርድ ነው። አንድ ጥያቄ ሰጥታ «ሁለት ደቂቃ አላችሁ፣ ሥሩ» ትላለች፤ ልጆቹ ሁለት ደቂቃ እንደተሰጣቸው የሚገባቸው ሁለተኛው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ነው። ደብተር ሲገለጥ እሷ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ! ትክክል ነው!» ትልና ታልፋለች። ልጄ ሀጀራ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ ብላት፣ «አባ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተመሰገንን» አለችኝ። በምን ተመሰገናችሁ ስላት «እሱን አልነገረችንም» አለች። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ አድርጌ ያመሰገንኳቸው ደረሶች፣ የቁርአን ተማሪዎቼ ማለቴ ነው፣ ዘጠኝ አይሞሉም፤ አሁን ሳስበው ስስታም ነበርኩ።

መምህርት የሻለምን ያወቅናት በዚያው ዓመት ነው። የደጎሎ ልጅ ናት። መመሪያዎ እንደሚያዘው፣ ሲጀመር አምስት ደቂቃ ታስተዋውቃለች፣ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ታጠቃልላለች፤ በመሐል እንደ ሚዜ እጇን አጣምራ ትቆማለች። አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ወደ እሱ ትሄድና፣ ስትመለስ ሦስት ጥያቄ አልፎ ታገኘዋለች። ሽማግሌው አባ ሙጀሂድ የሞቱ ዕለት ተማሪውም መምህሩም እንዳለ ቀብር ወጣ፤ የሻለምም የውሃ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከሴቶቹ ጋር ሄደች። ጄኔሬተሩን ማጥፋት ተረስቶ ነበርና ስንመለስ የቴሌቪዥኗ እመቤት ባዶ ወንበር ታስተምራለች። ለአርባ አንድ ወንበር ሁለት ደቂቃ ሰጥታ ሁሉንም በጣም ጥሩ አለቻቸው። ወንበሮቹ ግን ከእኛ ልጆች ያነሰ የገባቸው አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ አምና ሳይሆን ዘንድሮ፣ በመስከረም ማለቂያ ስለወረደው በረዶ እርስዎን ማመስገን አይገባንም፤ እሱ የአላህ ሥራ ነው። ከበረዶው በኋላ ላለው ግን ምስጋናው የእርስዎ ነው። በረዶው ዲሹን መትቶ ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ ወደ ወግዲ አዞረው፤ ወግዲ የምታስተላልፈው ነገር ካለ ብለን አንድ ሳምንት ጠበቅን፣ ምንም አልመጣም። ከጅዳ የተመለሰች ባሲማ የምትባል ጎረቤት አለችን። እዚያ ስትሠራ የአሠሪዎቿን ዲሽ ጣራ ላይ ወጥታ የምታስተካክለው እሷ ነበረች፤ እዚህም የራሷን ዲሽ በአንድ መፍቻ አዙራ፣ ብዙ የዐረብ ጣቢያ ጥርት አድርጋ ታያለች። ዲሹን ቀና ብላ አየችውና «እቺማ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው የምትሻ፤ ወላሂ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም» አለች። እኛ ግን ሥርዓት አክባሪዎች ስለሆንን አስቀድመን ጠየቅንዎት። እርስዎም «ሥልጣን ያልተሰጠው ግለሰብ እንዳይነካው፤ ባለሙያ ይላካል» ብለው በማህተም መለሱልን። ከላክናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ ያገኘው ይኸኛው ብቻ ነው።

ባለሙያው ሰባተኛ ወሩን ይዟል። መንገድ ላይ ከሆነ አላህ ያግባው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ሳተላይትን አያውቁትም ነበር፤ ልክ መሆናቸውን ለማረጋገጥ እርስዎ ያወጡት ወጪና ያደረጉት ድካም ቀላል አይደለም።

አራተኛ፣ በዚህ መካከል ስላገኘነው ነገር እናመሰግናለን፤ ሰሌዳችንን ባይወስዱልን ኖሮ አናገኘውም ነበርና።

ሰሌዳ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ብሏል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የልጆቹ ትምህርት ግን እየነቀዘ ሄደ። አንድ ሐሙስ ቀን መምህርት የሻለም ወደማቀራበት ቤት መጥታ፣ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ደረሶቼ ያን ጊዜ በየሎሃቸው ላይ ነበሩ። ሎህ፣ ክቡርነትዎ፣ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ደረሳው በጥላሸት ቀለምና በመቃ ብዕር ይጽፍበታል፣ ያጠናል፣ ለእኔ ያሰማኛል። አሰምቶ ሲያልፍ ሎሁን በውሃ አጥቦ አዲስ ይጽፋል። ሳያሰማ አይታጠብም። አንዱ ልጅ በሦስት ቀን ያጥባል፣ ሌላው በሦስት ሳምንት፤ የዘገየውን ማንም በጣም ጥሩ አይለውም፣ ማንም ትቶት አይሄድምም። የሻለም እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት ድረስ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና «ሼህ፣ ይቺ ትበቃኛለች» አለችኝ።

የቁርአኑን ሎህ ለሂሳብ አልሰጥም አልኳት። አልተቀየመችም። ይልቅስ አልጀብራ የሚባለው ትምህርት ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ መሆኑን ነገረችኝ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትምህርቱ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። አዲስ ሎህ ለመሥራት ግን እንጨት የለም። ከዚያ ጀብሪል ብድግ ብሎ «አልጋዎቹስ?» አለ። የተላከላቸው ሰው ያልተኛባቸው አራት የዋንዛ አልጋዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈትተው፣ ተጠርበው፣ ለአርባ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አርባ አንድ ሎህ ሆኑ። የመጨረሻው የወጣው ከራስጌው ስለነበረ አበባ አለበት፤ እሱ ለሀጀራ ደረሳት።

ክቡርነትዎ በየስብሰባው «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መሣሪያ» እንደሚሉ ሰምተናል። ደስ ይበልዎት፤ ጨፌ ዳር ግቡን መታለች። የእኛ መሣሪያ ባትሪ አይሻም፣ ቢወድቅ አይበላሽም፣ ቢሰነጠቅ ሁለት ይሆናል። የሻለምም የቤታችንን ሕግ እንዳለ ወሰደችው፤ ተማሪው የሠራውን በቃሉ ሳያስረዳት ሎሁን አያጥብም። አርባ አንዱን አንድ በአንድ ትሰማለች። ጠዋት ትጀምራለች፣ ያልደረሰው ከሰዓት ይመጣል፣ እሑድም ቤቷ በር ላይ ሎህ የያዘ ልጅ አይጠፋም።

አሁን የምነግርዎትን በቀልድ መጻፍ አልችልም። በጥር ወር ባለቤቴ ዙሀራ ሞተች። ሀጀራ ሐዘን ቤት ተቀምጣ አሥራ ስምንት ቀን ከትምህርት ቀረች። ስትመለስ አበባ ያለበት ሎህ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የጀመረችው ጥያቄ ካቆመችበት መስመር ላይ ሳይታጠብ ጠበቃት። የሻለም ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃ ነበር። ልጄ የእናቷ ቀን ከደረሰ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር፤ ያን ሎህ ስታይ አለቀሰች። መምህሯ አጠገቧ ቁጭ ብላ «አብሽሪ፣ ከዚሁ እንቀጥላለን» አለቻት። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ቢሠራ ኖሮ ስንት ምዕራፍ አልፎ እንደነበረ ሳስበው፣ ስለዚያ በረዶ አላህን አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ዋንጫው እናመሰግናለን፤ ባናገኘውም ቅርጹን አይተነዋል። በየካቲት ቢሮዎ ራሱ አዘጋጅቶ በላከው የሙከራ ፈተና፣ የጨፌ ዳር ልጆች በሂሳብ አንደኛ ወጡ። እርስዎም ይህን «የፕላዝማ ትምህርት ያስገኘው ውጤት» ብለው በሪፖርትዎ አስፍረው፣ ከላይ እንግዶች ዋንጫ ይዘው እንዲመጡ አደረጉ። አጠቃቀሙ ዘጠና ስምንት በመቶ ነው ብለው ጽፈዋል አሉ። ሁለቱን ለምን እንደቀነሱ አላወቅንም፤ ለትሕትና ይመስለኛል።

እንግዶቹ ክፍሉን እንይ አሉ። ገቡና አርባ አንድ ልጅ ሎህ ታቅፎ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ አገኙ። ዋንጫውን የያዘው ሰውዬ ግራ ተጋብቶ መምህርቷን ፕላዝማው በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል ብሎ ጠየቃት። እርስዎ ከበስተኋላ ሳል ጀመረዎት፤ በዚያ ብርድ አይፈረድብዎትም። እሷ ግን «ከመስከረም ወዲህ ዜሮ ነው፤ በየወሩ ቅጹ ላይ ጽፌ ልኬያለሁ» አለች። እውነቷን ነው። ስድስት ቅጽ ሞልታለች፣ በስድስቱም ላይ ዜሮ ጽፋለች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ስድስቱም ፋይልዎ ውስጥ እስከ ዛሬ አሉ። ዋንጫው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ፣ ካርቶኑም ወደ መኪናው። ጀብሪል ያን ጊዜም ነጭ ልብሱን ለብሶ ነበር።

ስድስተኛ፣ በመጋቢት 28 የደረሳት ደብዳቤ አጭርና ግልጽ ስለሆነ እናመሰግናለን። ጥፋቷ ሦስት ነው ይላል። ያልተፈቀደ የማስተማሪያ መሣሪያ ተጠቅማለች፤ ይህ እንጨቱን ነው። የተሳሳተ መረጃ ሰጥታለች፤ ይህ ዜሮውን ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት አስገብታለች፤ ይህኛውን መዝገቤ ላይ ገልብጬ ያስቀመጥኩት ለልጅ ልጆቼ ነው። በአንገቷ ማተብ ያሰረች፣ ሁዳዴን ያለ አንድ ቀን እረፍት የምትጾም የደጎሎ ልጅ፣ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበትን ስሌት በሎህ በማስተማሯ ቁርአን ቤት ከፍታ ተገኘች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍቼ እንዲህ ያለ ስም አላገኘሁም፤ ትንሽም ቢሆን ቀንቻለሁ።

ሰባተኛውን ምስጋና ባዶ ትቼዋለሁ። እርስዎ ይሞሉታል ብዬ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ነገሩ ከእኔ ቤት ስለሚጀምር ልንገርዎት። ሀጀራ ፈተናውን ካለፈች መካነ ሰላም ገብታ መሰናዶ ትማራለች። ካላለፈች የሚጠብቃት ነገር ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። የአክስቷ ልጅ ፈውዚያ ከሪያድ ደውላ «ካልሆነላት እኔ ጋ ትምጣ፣ ቤት አገኝላታለሁ» ብላለች፤ ደላላውም የፓስፖርት ፎቶ እንድትነሳ ነግሯታል፣ እሷም ሳትነግረኝ ተነስታለች። ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ አገኘሁት። ባሲማን ስለ ጅዳ ብጠይቃት፣ ያቺ ዲሽ የምታዞር ደፋር ሴት፣ መሬት መሬት አይታ «ሼህ፣ ልጅቱን አስተምሯት» አለችኝ። ዙሀራ ሳትሞት በፊት የነገረችኝም አንድ ነገር ነው፤ ልጄን ለሰው ቤት እንዳትሰጣት አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። ይህን እሺ ያልኩት የሻለም እዚህ ትኖራለች ብዬ ነው። ከአርባ አንዱ አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ ፎቶ የተነሳችው ሀጀራ ብቻ አይደለችም።

ስለዚህ የምንለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። መምህርት የሻለም እስከ ፈተናው ማግሥት ትቆይልን። ከዚያ በኋላ ወደ ፈለጉበት ቢልኳት፣ እኛው በበቅሎ እናደርሳታለን፤ ቆላውም ልጅ አለውና እንጨት ጠርበን እናስይዛታለን። ዜሮውንም ቢሆን ከፈለጉ በእኔ ስም ያድርጉት። እኔ ደመወዝም እድገትም ስለሌለኝ የሚቀነስብኝ የለም።

አይሆንም ካሉ ደግሞ እንደማይከፋን ያውቁት ዘንድ፣ ቅሬያችን በጁምዓ ስብሰባው የወሰነውን በትሕትና አሳውቃለሁ። መምህርት የሻለም የቅሬያችን አባል ናት፤ ቁጥሯ 119 ነው፣ አንድም ቀብር ቀርታ አታውቅም። አባሉ የተወሰደበት ቅሬ ደግሞ ለቅሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ሚያዝያ 15 ቀን ጠዋት ድንኳናችንን፣ ሰሌናችንንና ትልቁን ድስት ይዘን መጥተን፣ በቢሮዎ በር ላይ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። መፈክር የለንም፣ ድምፅ አናሰማም፣ የምናደርገው ዱዓ ብቻ ነው። ምንም እንዳያሰናዱ፤ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዞ የሚሄደው ቅሬው ነው፣ ንፍሮውን እናመጣለን። የሚገባና የሚወጣው ባለጉዳይ ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቀን እውነቱን እንነግረዋለን። አራቱ የፕላዝማ መምህራን ያን ቀን ከቀሩ ግን፣ ሃያ አራተኛቸው ስለሚሆን፣ ከእንግዲህ ልንታገሳቸው አንችልም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያጽናው፣ ሳልዎንም ይማርልዎት። የላኩት ባለሙያ በሰላም ይግባልዎት። የጨፌ ዳር ሕዝብ እግርዎ ሥር ሆኖ፣ ዲሹም ወደ ወግዲ ዞሮ፣ ሁላችንም በአንድነት እጅ እንነሳለን።

አክባሪዎ
አሕመድኑር አብዱራህማን
የቁርአን አስተማሪና የቅሬ መዝገብ ያዥ፣ ጨፌ ዳር

ግልባጭ፦
ለመምህርት የሻለም፣ ለማወቅ ያህል
ለአናጢው ጀብሪል፣ ስለ አልጋዎቹ ምስጋና ሆኖ እንዲያዝለት
ለአራቱ የፕላዝማ መምህራን፣ ባሉበት
ለፋይል፣ ከስድስቱ ዜሮዎች አጠገብ

ማስታወሻ፦ ረጅም ደብዳቤ የማንበብ ጊዜ እንደማይኖርዎት ስለተረዳን፣ ዋናውን ቃል ለብቻው አውጥተን በሎህ ላይ ጽፈነዋል። «መምህርት የሻለም እስከ ፈተናው ትቆይ» ይላል። ከቤትዎ ወደ ቢሮዎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚያርፍበት ወይራ ላይ ተሰቅሏል፤ አበባ ስላለበት አይስቱትም። ሎሁን የሰጠችን ሀጀራ ናት፤ እስኪመለስላት ድረስ ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር እየተጋራች ትሠራለች። እኛ ሁለት ደቂቃ ሰጥተን በጣም ጥሩ ብለን አናልፍዎትም። ጊዜዎን ይውሰዱ፣ በቃልዎ ሲይዙት መጥተው ያሰሙናል። ሳያሰሙ አይታጠብም። ዝናብ መጥቶ ቢያጥበው እንኳ እኔ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እጅ ጽሕፈቴ ያምራል ይላሉ።